የአውቶሞቢል ክንፍ ስለ ምን ቀረ?

(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)

ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት ርእስ መጀመሪያ ሲሰሙት ለመንግሥት ሠራተኛ ብዙም የማይረባ፣ የጎረምሶች ጨዋታ የሚመስል ነው። ይኸውም በ1950ዎቹ ዓመታት የአውቶሞቢል ሁሉ መኩሪያ የነበረው፣ ከመኪናው በስተኋላ በግራና በቀኝ እንደ ዓሣ ክንፍ ሽቅብ የሚወጣው የቆርቆሮ ጌጥ እንዴት እንደ ተወለደ፣ እንዴት እንደ ገነነ፣ በመጨረሻም ስለ ምን እንደ ቀረ የሚናገር ነው። ነገር ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ከተከተላችሁት፣ ስለ አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ ብቻ የተነገረ ሆኖ አታገኙትም፤ እያንዳንዳችን በየመሥሪያ ቤታችን በሕዝብ ገንዘብ ዕቃ ስንመርጥ ራሳችንን ምን መጠየቅ እንደሚገባን የሚያሳስብ ነውና። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

መጓጓዣን ማስጌጥ በእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። መኪና ወደ አገራችን ከመግባቱ አስቀድሞ መኳንንቱ የሚቀመጡባት በቅሎ በግላስና በመርገፍ ተሸልማ ትታይ ነበር፤ መንገደኛውም ጋላቢውን ሳይጠይቅ ከበቅሎይቱ ሽልማት ብቻ የጌታውን ማዕረግ ይገምት ነበር። ይህም በራሱ ነውር የለበትም፤ ሰው ክብሩን በሚታይ ነገር መግለጽ ከጥንት የለመደው ነውና። ሆኖም አስተዋይ የሆነ አሽከር በቅሎ ሲጭን አስቀድሞ የሚመረምረው ኮርቻው ጀርባዋን እንዳይልጣት፣ ልጓሙም አፏን እንዳያቆስላት ነው፤ መርገፉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የአውቶሞቢል ክንፍ ታሪክ ይህ ቅደም ተከተል በተገለበጠ ጊዜ ምን እንደሚደርስ የሚያሳይ ነው።

የዚህ ክንፍ አባት ሆኖ የሚታወቀው ሃርሊ ኤርል የተባለው አሜሪካዊ ነው። ኤርል በ1893 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ከሰረገላ ሠሪ አባት ተወለደ፤ በ1927 ዓ.ም. ጄኔራል ሞተርስ የተባለው ኩባንያ የመኪናን መልክ ብቻ የሚያጠና ልዩ ክፍል ሲያቋቁም የዚያ ክፍል አለቃ ሆኖ ተሾመ። ከዚያ አስቀድሞ የመኪና መልክ በአብዛኛው የመሐንዲሶች ሥራ ተከታይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን መልክ የራሱ መሥሪያ ቤት፣ የራሱ በጀትና የራሱ አለቃ አገኘ ማለት ነው።

አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከመግባቷ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1941 ዓ.ም. ኤርልና ረዳቶቹ ሎክሂድ ፒ 38 የተባለውን አዲስ የጦር አውሮፕላን ለማየት ዕድል አገኙ። ይህ አውሮፕላን ሁለት ሞተርና ሁለት ጅራት ያለው፣ በእያንዳንዱም ጅራት ጫፍ ላይ ሽቅብ የቆመ ክንፍ የነበረው ነው። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1948 ዓ.ም. የወጣው ካዲላክ በኋላ ፓራፋንጎው ጫፍ ላይ የዚያን አውሮፕላን ጅራት የሚያስታውስ ትንሽ እብጠት ይዞ ተገለጠ። የአውቶሞቢል ክንፍ ልደት ይህ ነው። በአውሮፕላኑ ላይ ግን ክንፉ ሥራ ነበረው፤ አቅጣጫውን የሚያጸናው እርሱ ነውና። ወደ መኪናው የተሻገረው ሥራው ሳይሆን መልኩ ብቻ ነበር።

ይህን ትንሽ እብጠት ወደ ትልቅ ክንፍ ያሳደገው ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መልሱ በንግዱ ሥርዓት ውስጥ ይገኛል። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ኩባንያዎች የመኪናውን መልክ በየዓመቱ የመለወጥ ልማድ ነበራቸው፤ ዓላማውም የአምናውን መኪና የገዛው ሰው ሞተሩ ገና ጤነኛ ሳለ በመኪናው እንዲያፍርና የዘንድሮውን እንዲመኝ ለማድረግ ነው። ለዚህም ከሩቅ የሚታይ ምልክት ያስፈልግ ነበር፤ ክንፉም ለዚህ የተመቸ ሆኖ ተገኘ። በ1957 ዓ.ም. ቨርጂል ኤክስነር በሚባለው ባለሙያ የተመራው የክራይዝለር ኩባንያ ክንፉን እጅግ አስረዝሞ ብቅ አለ። ጄኔራል ሞተርስም እንዳይበለጥ ሲል የ1959ኙን ካዲላክ ከሁሉ የበለጠ ከፍታ ያለው ክንፍና በጥይት አምሳል የተሠሩ መንትያ የኋላ መብራቶች ሰጠው። የዚህ መኪና ርዝመት 5 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። ከዚያ በላይ ለመሄድ ግን ቦታ አልነበረም፤ በየዓመቱ መጨመር ያለበት ጌጥ መጨመር የማይችልበት ቀን ሲደርስ መውደቅ ይጀምራልና።

መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ እንደሚባለው፣ ክንፉ በገነነበት ጊዜ ጥቅም አለው የሚል ስምም ተፈልጎለት ነበር። ክራይዝለር ክንፉ መኪናው በነፋስ ጊዜ ከመንገዱ እንዳይዋዥቅ ያጸናዋል ሲል ተከራከረ፤ ነገሩ ከእውነት የራቀ ባይሆንም፣ ጥቅሙ የሚታወቀው በከፍተኛ ፍጥነት ሲነዱ ስለሆነ በከተማ መንገድ ላይ ለሚሄድ ሰው ይህን ያህል የሚያስፈልግ አልነበረም። የጀርመኑ መርሴዲስም በ1959 ዓ.ም. መጠነኛ ክንፍ ያለው መኪና ሲያወጣ፣ ክንፍ ብሎ መጥራቱን አልወደደም፤ ሾፌሩ ወደ ኋላ ሲያሽከረክር የመኪናው ጫፍ የት እንደ ደረሰ የሚያይበት ምልክት ነው ብሎ አስታወቀ። ክቡራን አንባብያን፣ ጌጥ ሆኖ የተወለደ ነገር ኋላ ምክንያት ሲፈለግለት ብታዩ፣ ያን ጊዜ ጥቂት መጠራጠር መልካም ነው።

አሁን ወደ ውድቀቱ እንለፍ። የመጀመሪያው ምክንያት ኪስ ነው። በ1958 ዓ.ም. የአሜሪካ ንግድ በመቀዝቀዙ ብዙ ሰው ትልልቆቹን መኪናዎች መግዛት ተወ፤ ክንፍም ብዙ ጌጥም የሌለው፣ መልኩ ከዓመት ዓመት እምብዛም የማይለወጠው ትንሹ የጀርመን ቮልስቫገን ግን ገበያው እየሰፋ ሄደ። ሁለተኛው ምክንያት መሰልቸት ነው። ክንፍ በሁሉ ላይ ሲወጣ ማንንም ከማንም የሚለይ ምልክት መሆኑ ቀረ። ሃርሊ ኤርል በ1958 ዓ.ም. መጨረሻ ጡረታ ወጣ፤ ተተኪው ቢል ሚቼልም ክንፉን በየዓመቱ ዝቅ እያደረገ ሄደ፤ በ1965ቱ ካዲላክ ላይ ሽቅብ የሚወጣው ክንፍ ፈጽሞ ቀረ። እንግዲህ ዕድሜው ሲቆጠር 17 ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላም ማለት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ግን ከሁሉ የሚከብድ ነው። በ1963 ዓ.ም. በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት ብስክሌት ትነዳ የነበረች አንዲት ትንሽ ልጅ በመንገድ ዳር ከቆመ መኪና ጋር ተጋጨች። መኪናው አልተንቀሳቀሰም፤ ሾፌርም አልነበረውም። ነገር ግን ስለታሙ የኋላ ክንፍ ደረቷን ወጋት፤ ልጅቱም ከጥቂት ሰዓት በኋላ አረፈች። ራልፍ ኔደር የተባለው የሕግ ባለሙያ ይህንና ይህን የመሰሉትን አደጋዎች በ1965 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ጽፎ የሕዝቡን ዓይን ከፈተ፤ በሚቀጥለው በ1966 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ስለ መኪናዎች ደኅንነት የሚደነግግ ሕግ አወጣ። እርግጥ ነው፣ ክንፉ ከሕጉ አስቀድሞ ማጠር ጀምሮ ነበር። ሆኖም ከዚያ ወዲህ የመኪና መልክ የገዢው ደስታ ብቻ ሳይሆን መኪናውን ያልገዛው የእግረኛውም ጉዳይ መሆኑ ታወቀ። ጌጡን የመረጠው አንድ ሰው፣ ዋጋውን የከፈለው ግን ሌላ ሰው ነበርና።

ይህ ክንፍ ወደ አገራችንም ገብቷል። ከሁሉ ይልቅ በሕዝቡ ዘንድ የታወቀው ባለ ክንፍ መኪና ፔጆ 404 ነው። ይህ መኪና በ1960 ዓ.ም. ሲወጣ መልኩን የነደፈለት በጣልያን አገር በቶሪኖ ከተማ የሚገኘው የፒኒንፋሪና ቤት ነበር፤ እኛም ፓራፋንጎ፣ ፓራውልት፣ ኮፈን፣ ፍሬቻ እያልን የምንጠራቸው ቃላት ከዚያው ከጣልያን አገር የመጡ መሆናቸውን ሳስታውስ ዝምድናው ይታየኛል። የ404ቱ ክንፍ እንደ ካዲላኩ ያልገነነ፣ ልከኛና ዝቅ ያለ ነው። በፈረንሳይ አገር እስከ 1975 ዓ.ም. ተሠርቷል፤ በሐረር ከተማ ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት በታክሲነት አገልግሏል፤ ሐረርን የጎበኘ ሰው ሁሉ ከጀጎል ግንብ ጋር አብሮ የሚያስታውሰው እነዚህን ባለ ክንፍ ፔጆዎች ነው። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ቁጥራቸው እጅግ አነሰ።

ይሁንና እነዚህ መኪናዎች ይህን ያህል ዘመን የኖሩት በክንፋቸው አይደለም። ፔጆ 404 በምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967ና በ1968 ዓ.ም. አንደኛ ሆኖ አሸንፏል፤ ይህም በጭቃና በአቧራ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚያስሮጥ ከባድ ውድድር ነው። ያሸነፈው በሞተሩ ታማኝነትና በእግሮቹ ጥንካሬ ነው። ኩባንያው በ1968 ዓ.ም. ተከታዩን 504ን ሲያወጣ ክንፉን ተወው፤ ጥንካሬውን ግን አልተወም።

ከዚህ ይልቅ ግልጽ የሆነ ምሳሌ ቀደም ብዬ በጠቀስሁት በ1959ኙ መርሴዲስ ላይ ይገኛል። ያ መኪና ከላይ የሚታይ ክንፍ ሲኖረው፣ ከውስጥ ደግሞ ማንም የማያየው ሌላ ነገር ነበረው። ቤላ ባሬኒ የተባለው መሐንዲስ የመኪናው መካከል ጠንካራ፣ የፊቱና የኋላው ጫፍ ግን በግጭት ጊዜ ቀስ እያለ የሚታጠፍ እንዲሆን አድርጎ አሠራው፤ የግጭቱን ኃይል የሚታጠፈው ብረት እንዲወስደውና በውስጥ ለተቀመጡት ሰዎች እንዳይተርፍ ነው። በዚያ ዓመት ገዢው ሁሉ አይቶ ያደነቀው ክንፉን ነበር። ክንፉ ዛሬ የለም፤ የሚታጠፈው ጫፍ ግን በዛሬዎቹ የቤት መኪናዎች ዘንድ የተለመደ አሠራር ሆኗል።

ክቡራን አንባብያን፤ የማንኛውም መኪና እውነተኛ ፈታኝ መንገድ ነውና፣ አሁን ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ ዋግ ኽምራ ደጋ እንሂድ። ከሰቆጣ በስተደቡብ የሚገኘው የጋዝጊብላ ወረዳ፣ ዋና ከተማው አስከተማ የሆነው፣ ዳገቱ የበዛ፣ ሸለቆው የጠለቀ፣ ውኃው ወደ ተከዜ የሚወርድ አገር ነው። በእንዲህ ያለው አገር ጠጠር መንገድ ላይ መኪና ወንዝ ተሻግሮ ገደሉን ሲወጣ፣ ከኋላ ጎማው አልፎ የተንጠለጠለው ጅራት ረዥም እንደ ሆነ መሬቱን ይመታል፤ ወይም ተሰክቶ ይቀራል። ክንፍ ይሸከም ዘንድ የረዘመው ያ የካዲላክ ጅራት በጋዝጊብላ መንገድ ላይ የመጀመሪያውን ጅረት ሲሻገር የሚሰበር ነው።

በዚያው ካዲላክ የመጀመሪያውን ክንፍ ባወጣበት በ1948 ዓ.ም. ሌላ መኪና በአምስተርዳም ለሕዝብ ታይቶ ነበር፤ ስሙም ላንድሮቨር ነው። በእንግሊዝ አገር ከጦርነቱ በኋላ ብረት በራሽን ይሰጥ ስለ ነበር፣ ሞሪስ ዊልክስ የተባለው መሐንዲስ ገላውን ከአሉሚንየም ቅይጥ፣ ለመቀጥቀጥ የማያስቸግር ቀጥ ያለ ጠፍጣፋ አድርጎ አሠራው። ርዝመቱ 3 ሜትር ከ35 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር። የ1959ኙ ካዲላክ ከፊት ጎማው እስከ ኋላ ጎማው ያለው ርቀት ብቻ 3 ሜትር ከ30 መሆኑን ስታስቡ፣ መላው ላንድሮቨር በካዲላኩ ጎማዎች መካከል ለመግባት ጥቂት ብቻ የቀረው መሆኑን ትረዳላችሁ። ላንድሮቨሩ ጎማዎቹን በአራቱ ማዕዘን ዳርቻ ላይ ስለ ተከለ ከጉድጓድ ሲወጣ የሚጎተት ጅራት የለውም፤ ገላው ቢጎዳም በመዶሻ ይቀናል። በአገራችንም በጤና ጥበቃ፣ በእርሻና በልማት ሥራ ላይ የተሰማሩ ሰዎች ለብዙ ዘመን የተጓዙበት መኪና ነው። ከእርሱ የወረደው የመጨረሻው መኪና ከፋብሪካ የወጣው በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ነበር። በአንድ ዓመት የተወለዱት ሁለቱ፣ አንደኛው 17 ዓመት እንኳ ሳይሞላው ቀረ፤ ሁለተኛው 68 ዓመት ያህል ኖረ።

ይህን ስል ግን ውበትን የምነቅፍ እንዳይመስላችሁ። ከጋዝጊብላ ወደ ደቡብ፣ ከላሊበላ በስተሰሜን ባለው ተራራ፣ በዋሻ ውስጥ የታነጸውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን የተመለከተ ሰው ስለ ጌጥ ሌላ ትምህርት ያገኛል። የዚያ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ ልስን የተለሰነ ድንጋይ እየሆነ የተሠራ ስለሆነ፣ ጥቁሩና ነጩ ሲፈራረቅ ዓይን ይማርካል። ነገር ግን ያ እንጨት ለመልክ ብቻ የተለጠፈ አይደለም፤ ግድግዳውን የሚያያይዘውና የሚያጸናው እርሱ ራሱ ነው። ጌጡን ልንቀልህ ብትሉ ሕንጻው ይናጋል። ስለዚህም ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ቆሟል። የካዲላኩን ክንፍ ግን በመጋዝ ብትቆርጡት መኪናው እንደ ወትሮው ይሄዳል። በሁለቱ ጌጦች መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

የቀረው ጥያቄ ክንፉ ፈጽሞ ሞቷል ወይ የሚለው ነው። ለእኔ እንደሚመስለኝ ክንፉ ከኋላ ወደ ፊት ዞሯል። በዘመናችን ብዙ መኪናዎች ኮፈናቸው እንደ ግንብ ከፍ ያለ፣ ፊታቸው የተቆጣ አውሬ የሚመስል ሆነው ይሠራሉ፤ የዚህም ከፍታ ብዙው ክፍል ሞተሩ የጠየቀው አይደለም። በአሜሪካ አገር የመንገድ ደኅንነትን የሚያጠናው የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ተቋም በ2023 ዓ.ም. 18,000 ያህል የእግረኛ አደጋዎችን መርምሮ፣ ኮፈናቸው ከ1 ሜትር ገደማ በላይ ከፍ ያለ መኪናዎች፣ ኮፈናቸው ከ76 ሳንቲ ሜትር ካልበለጠና ወደ ፊት ከሚያዘቀዝቁት ይልቅ የገጩትን እግረኛ የመግደላቸው ዕድል በ45 በመቶ ያህል እንደሚበልጥ አስታውቋል። ሰፊ የፊት ወንፊትም የተሠራው ለራዲያተሩ አየር ለማስገባት ነበር፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው መኪና ግን ያን ያህል አየር አይፈልግም። አገራችን በ2024 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተሞቻችን እየበዛ ነውና፣ የትኛው ክፍል ሥራ እንደሚሠራ፣ የትኛውም የቀድሞው መልክ ጥላ ብቻ እንደ ሆነ ለይቶ ማየት ከእኛ ይጠበቃል።

ይህን ሁሉ ለእናንተ ለመንግሥት ሠራተኞች የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጀው፣ የዕቃውን ዓይነት የሚዘረዝረው፣ በኮሚቴ ተቀምጦ ይህ ይገዛ ብሎ የሚፈርመው ከእናንተ መካከል ነው። ነጋዴ በራሱ ገንዘብ ክንፍ ቢገዛ የሚጎዳው ኪሱን ነው። የመሥሪያ ቤት ኮሚቴ ግን ለአለቃው ክብር ሲል አንድ ያጌጠ መኪና በገዛ ጊዜ፣ በዚያው ገንዘብ ሊገዛ ይችል የነበረው አምቡላንስ ወይም የክትባት መኪና ሳይገዛ ይቀራል። በገጠር ምጥ የጠናባትን ሴት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው መኪና ወደሚደርስበት መንገድ ሲያወጧት፣ የሚመጣው መኪና ዳገቱን መውጣት ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ጥያቄ የመልክ ጥያቄ አይደለም፤ የሁለት ነፍስ ጥያቄ ነው። የዚህ ጥያቄ መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ከተራራው ላይ ሳይሆን በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ስለዚህ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ አስቀድሞ አራት ነገር ጠይቁ። ይህ የምትከፍሉበት ክፍል የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? ዕቃው የሚሄደው በየትኛው መንገድ ነው? ቢሰበር በወረዳው ያለ መካኒክ ሊጠግነው ይችላል? አደጋ ቢደርስስ የሚጎዳው ማን ነው? አራቱን ጥያቄዎች ያለፈ ዕቃ ደግሞ የሚያምር ቢሆን ደስ ይበላችሁ፤ ያ ውበት እንደ ይምርሐነ ክርስቶስ እንጨት ግድግዳውን የያዘ ነውና። አራቱን ያላለፈውን ግን፣ አምሮ ቢታያችሁም፣ ለሌላ ገዢ ተዉለት።